ኪሊማንጃሮን ከካሜራ ጋር መውጣት፦ ትራይፖዱን እቤት ይተዉት

የጠያቂው ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። በመጪው ጥር ወር በማቻሜ መንገድ፣ በሰባት ቀን ጉዞ፣ ከአስጎብኚ ቡድን ጋር ኪሊማንጃሮን ይወጣሉ። «ካሜራዬ ባለ ሙሉ ፍሬም ነው። 16-35 (ለሰፊ ዕይታ)፣ 24-105 (መካከለኛ) እና 70-200 (ሩቁን የሚያቀርብ) ሌንሶች፣ ትራይፖድ እና ስልክ አለኝ። ትልቁ ምኞቴ ጫፉ ላይ ሆኜ የፀሐይ መውጫን ማንሳት ነው። ባትሪ በብርድ ይሞታል፣ አስጎብኚዎቹም ለፎቶ አያስቆሙም ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ልያዝ? እንዴትስ ላንሳ?» ይላሉ።

የዕቃውን ነገር ቶሎ ልገላገለው። ካሜራውን፣ 24-105ቱን እና ስልክዎን ይያዙ፤ የቀረው እቤት ይቆይ። ሻንጣዬን የሚሸከም ሰው አለ ብለው አስበው ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን የአንድ ተሸካሚ ጭነት ከ20 ኪሎ እንዳያልፍ ደንብ ስላለ ድርጅቶቹ ለተጓዡ ሻንጣ የሚፈቅዱት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 15 ኪሎ ነው። ደግሞም ተሸካሚው ቀድሞዎት ሄዶ ድንኳን ሲተከል እርስዎ ገና መንገድ ላይ ስለሚሆኑ፣ በእሱ ሻንጣ ውስጥ ያለ ሌንስ ቀኑን ሙሉ የለም ማለት ነው። የፎቶ ዕቃ የሚባለው በራስዎ ጀርባ ላይ ያለው ብቻ ነው። በዚያ ጀርባ ላይ ውኃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጃኬትና ምሳ ቀድመው ቦታ ይዘዋል። ሦስት ሌንስ ቢይዙም አይቀያይሩትም። ሁለተኛውን ሌሊት ከሚያድሩበት ከሺራ ሰፈር በላይ መሬቱ ደቃቅ የእሳተ ገሞራ አቧራ ነው፤ አንዴ ብርሃን በሚቀበለው የካሜራው ሴንሰር ላይ ካረፈ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በየሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይከተልዎታል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ጭንቅላትዎ ነው። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ ትራይፖዱንም ትልቁንም ሌንስ ተሸክሜ ነበር። ከጫፉ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰፈር፣ ባራፉ ላይ፣ ማታ ከዋክብት አነሳሁ፤ ካሜራው በማንዋል (ሁሉም በእጅ በሚስተካከልበት)፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 3200፣ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው በር) 20 ሰከንድ ተከፍቶ የሚቆይ። እኩለ ሌሊት ላይ ጉዞ ተጀመረ። የእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ላይ ካለው ስቴላ ፖይንት ስንደርስ ፀሐይዋ ብቅ አለች፤ ካሜራውን አውጥቼ ጫንኩ። ነጭ ሆኖ ወጣ። ደግሜ ጫንኩ፤ ነጭ። ስክሪኑ ላይ 20 ሰከንድ ተብሎ የተጻፈውን አየዋለሁ፣ አነበዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን ወደ ጭንቅላቴ አልገባ አለ። ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ፣ ሌንሱን በነፋስ መካከል ፈትቼ ገጠምኩ። አስጎብኚያችን ሲያየኝ ቆይቶ «ስልክህን አምጣ» አለኝና ሁለት ፎቶ አነሳ። ከዚያ ንጋት የቀሩልኝ እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ባራፉ ተመልሼ ሻይ ከጠጣሁ በኋላ ካሜራውን ሳየው ስህተቱን ያገኘሁት ወዲያውኑ ነው።

የሆነው ግልጽ ነው። የተራራው አናት የሆነው የኡሁሩ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 5,895 ሜትር ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚያም እንደ ታች 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ወደ ግማሽ ስለሚወርድ ከአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። እግር ሲደክም ይታወቅዎታል፤ ማሰቢያ ሲደክም ግን አይታወቅም። ስለዚህ ማሰብ የሚጠይቀውን ነገር ሁሉ ታች ጨርሰው ይውጡ፤ ከላይ የሚሠራው ጣት ብቻ ይሁን።

ካሜራዎ ላይ ሲ1 እና ሲ2 የሚሉ፣ ቅንብር አስቀምጠው የሚጠሩባቸው ቦታዎች ይኖራሉ። ሲ1ን ለቀን ያድርጉት፤ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ አይኤስኦ በራሱ የሚመርጥ፣ የሻተሩ ዝቅተኛ ፍጥነት ከሰከንድ 1/250ኛ እንዳይወርድ። ሲ2 ለጨለማና ለንጋት ጎሕ ይሁን፤ አፐርቸሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ አይኤስኦ እስከ 12800 እንዲሄድ ተፈቅዶለት፣ ሻተሩ 1/30ኛ ላይ። ሁለቱም በሮው (ካሜራው ያየውን ሁሉ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ይቀመጡ፤ የብርሃን ስህተት ቢኖር እቤት ይታረማል። ከመሄድዎ በፊት አንድ ማታ መብራት አጥፍተው፣ ለጫፉ ሌሊት ያዘጋጁትን ወፍራም ጓንት አድርገው፣ ካሜራውን ከጃኬት ውስጥ አውጥተው ከሲ2 ወደ ሲ1 ቀይረው ይመልሱት። አሥር ጊዜ ይድገሙት። ቤተሰብ ቢስቅ ይሳቅ።

አንድ ልማድ ደግሞ መተው ይኖርብዎታል። ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሽ ይዞ መጫን ታች ጥሩ ነው፤ ከ5,000 ሜትር በላይ ግን ያዞራል። ትንፋሹን ያውጡት፣ ባለቀበት ቅጽበት ይጫኑ፣ ከዚያ ሦስት አራት ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ። ተንበርክከው ካነሱም ሲነሱ ቀስ ይበሉ።

አሁን ወደ አስጎብኚዎቹ። ለፎቶ አያስቆሙም የተባሉት ግማሹ እውነት ነው፣ ምክንያትም አላቸው። ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት «ፖሌ ፖሌ»፣ ማለትም ቀስ በቀስ፣ የፍጥነት ስሌት ነው፤ እግርና ትንፋሽ ሳይጣሉ የሚሄዱበትን እርምጃ መሪው ያውቀዋል። አንድ ሰው ሲቆም መስመሩ ሁሉ ይቆማል። በጫፉ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ውስጥ አሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ጣቱ ለካሜራም ለጓንትም አይታዘዝም። ፎቶ አንሺው መሪውን እንደ እንቅፋት ካየው ጉዞው ሰባት ቀን ሙሉ ጭቅጭቅ ይሆናል።

የሚበጀው በመጀመሪያው ማታ፣ ማቻሜ ሰፈር እራት ላይ መሪው ስለ ነገው ሲያስረዳ፣ ምን እንደሚፈልጉ በግልጽ መንገር ነው። «ዕረፍት የምናደርግባቸው ቦታዎች የት የት ናቸው? ከዕረፍቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ብቆም ከረዳት አስጎብኚዎቹ ማን አብሮኝ ይቆያል?» ብለው ይጠይቁ። ከዚህ በኋላ የሚነግሩዎት ነገር ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጣል፤ ጉም የሚነሳበትን ሰዓት፣ ተራራው የሚከፈትበትን መታጠፊያ ስንት ጊዜ አይተውታል። ሰዓት ሲነግሩዎትም ግር አይበልዎት፤ የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው ከንጋት የሚጀምር ነው። «ሳ ሲታ ኡሲኩ» ካሉዎት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ከውጭ አገር ተጓዦች ይልቅ ለእርስዎ ይቀልዎታል።

በሰልፉ ውስጥ ቦታዎ ከመሪው ቀጥሎ ይሁን። ፎቶ ሲያዩ ወደ ተራራው ጎን ወጣ ብለው ይቆማሉ፣ ሰዎቹ በዝግታ ያልፋሉ፣ እርስዎ አንስተው በመጨረሻው ሰው ኋላ ይገባሉ። ማንም አልቆመም። ከኋላ ከነበሩ ግን አንስተው ሲጨርሱ ሮጠው መድረስ ይኖርብዎታል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ሃያ የችኮላ እርምጃ የሚያስከፍለው ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም። ወደ ፊት የሚመለሱት በሚቀጥለው ዕረፍት ነው። ሲራመዱ አያንሱ፣ ሲያነሱ አይራመዱ። ባራንኮ ግድግዳ በሚባለው ገደል ላይ ደግሞ ሁለቱም እጅ ለዓለቱ ስለሚያስፈልግ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ሰፋ ያሉ ማረፊያዎች አሉት፣ እዚያ ያወጡታል።

መሪው ውረድ ካለ ውይይት የለም። ራስ ምታቱ እየባሰ፣ ማስታወክ ወይም መንገዳገድ ከመጣ ይንገሩት። ፎቶው ይቀርብኛል ብሎ ምልክት የሚደብቅ ሰው አይቻለሁ፤ በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ ነበር የወረደው።

ስለ ባትሪው የሰሙት እውነት ነው፤ ባትሪው ግን አልሞተም። ብርድ በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለውን ኬሚካዊ ሥራ ያዘገየዋል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ካሜራውም አለቀ ብሎ ይጠፋል። ያንኑ ባትሪ ወደ ደረት ኪስ መልሰው ሲሞቅ ከኃይሉ አብዛኛው ይመለሳል። አራት ባትሪ ይያዙ፤ ከሺራ ጀምሮ ማታ ማታ ከእርስዎ ጋር በመኝታ ከረጢት ውስጥ ይደሩ። በጫፉ ሌሊት ሁለቱ በውስጥ ኪስ ይሁኑ፣ ስልኩም እዚያው፣ ከኔትወርክ ተዘግቶ። ካሜራው ራሱ ከላይኛው ጃኬት ሥር፣ ላብ ከነካው ልብስ ግን ራቅ ብሎ ይንጠልጠል። በሰፈሮቹ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሌለ ኃይል ማጠራቀሚያ ይያዙ፤ እሱም ሆነ ትርፍ ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ቦርሳ ነው።

ከብርዱ ይልቅ ብዙ ካሜራ የሚያበላሸው እርጥበት ነው። በረዶ ሆኖ የመጣ ካሜራ ሰዎች ወደሚተነፍሱበት የመመገቢያ ድንኳን ሲገባ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፣ ውስጡም ይገባል። ደጅ ላይ እያሉ ውኃ በማያስገባ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አፉን አጥብቀው ይዝጉበት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይክፈቱት። የጨርቅ ከረጢት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታንዛኒያ ከሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፕላስቲክ ከረጢት ወደ አገር ማስገባትን ከልክላለች።

ወደ ምኞትዎ እንምጣ። ከባራፉ (ስሙ በስዋሂሊ በረዶ ማለት ነው፣ ከፍታው 4,673 ሜትር) እኩለ ሌሊት ገደማ ይነሳሉ፣ 5,756 ሜትር ላይ ካለው ስቴላ ፖይንት ብዙ ሰው የሚደርሰው ንጋት ላይ ነው። በጥር ወር ፀሐይዋ በዚያ ከፍታ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ትታያለች። ተራራው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ሦስት ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ወደ ጎን ሳትንሸራተት ቀጥ ብላ ትወጣለች። ያ ወርቃማ ብርሃን በሰሜን አገሮች አንድ ሰዓት የሚቆይ ሲሆን እዚህ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ፀሐይዋን መጠበቅ የለብዎትም፤ ከእሷ ቀድሞ ያለው ጎሕ፣ የተራራው ሁለተኛ ጉብታ የማዌንዚ ጥርሳም ጫፎች በብርቱካናማው አድማስ ላይ ጥቁር ሆነው የሚታዩበት ሩብ ሰዓት፣ የተሻለው ፎቶ ነው። ማዌንዚ (5,149 ሜትር) ወደ ላይ ሲወጡ በቀኝና በኋላ ስለሚቀር ዞር ካላሉ አያዩትም። በጥር ፀሐይዋ ከእሱ ትንሽ ወደ ቀኝ ትወጣለች። የግንባር መብራታቸውን እንዳበሩ ከበታችዎ የሚወጡትን ሰዎች በዚያው ፎቶ ውስጥ ያስገቧቸው፤ ያለ እነሱ የተራራውን ልክ ማንም አይረዳውም።

ስቴላ ላይ ብዙ ሰው ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ወደ ኡሁሩ ሰሌዳ ይገሰግሳል። ያ አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስድ መንገድ ግን የጉዞው ምርጡ ክፍል ነው። ወደ ምዕራብ እየሄዱ ነው፤ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ናት፤ በግራዎ ያሉትን የሬብማንና የሌሎቹን የበረዶ ግግሮች ግድግዳ ፊት ለፊት ታበራለች። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ደንግጦ ግራጫ ያደርገዋል፤ የብርሃን ማስተካከያውን በአንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት። ሰማይን የሚያጠቁር ፖላራይዘር ፊልተር አያስፈልግም፤ በዚያ ከፍታ ሰማዩ በራሱ የጠቆረ ሰማያዊ ስለሆነ በሰፊ ሌንስ ላይ ፖላራይዘር ሲጨመርበት ግማሹ ሰማይ የተቃጠለ ይመስላል። ከበረዶው ጎን ሰው አቁመው ያንሱ። እ.ኤ.አ. በ1912 ከነበረው የተራራው በረዶ እስከ 2007 ድረስ 85 በመቶው ጠፍቷል፤ እርስዎ የሚያነሱት ግድግዳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ኡሁሩ ሲደርሱ ሁሉም ሰው ሰሌዳው ፊት ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። ይሰለፉ፤ የሰሌዳውን ፎቶ ለመሪው ስልክዎን ሰጥተው ያንሱት። ተራዎ እስኪደርስ ግን ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው ወደ ምዕራብ ይመልከቱ። ሰማዩ ከከፈተ የተራራው ጥላ በደመናው ላይ ተዘርግቶ ያዩታል፤ ጫፉ የሾለ ሦስት ማዕዘን ነው። ኪቦ (ኡሁሩ ያለበት ዋናው የተራራው ጉብታ) ራሱ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ጥላው የሚሾለው ልክ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ከሩቅ እየጠበበ እንደሚታየው በርቀት ምክንያት ነው። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጥላው እያጠረ ይጠፋል። ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን፣ ከማቻሜ መንገድ የሚተርፍዎት ግሩም ፎቶ ከጫፉ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ማታ ሺራ ሰፈር ላይ ነዎት፤ ኪቦ በምሥራቅ ስለሆነ የምሽቱ ብርሃን ፊቱን ይመታዋል፣ በምዕራብ ደግሞ የሜሩ ተራራ ከደመና በላይ ብቻውን ይቆማል። አልደከሙም፣ ብርዱ ገና አልጸናም፣ መሪውም ምግብ እስኪደርስ ድረስ የትም አይጠራዎትም። በሦስተኛው ቀን ላቫ ታወር ከሚባለው ዓለት ወደ ባራንኮ ሰፈር ሲወርዱ ግዙፎቹን ሴኔሲዮዎች ያገኛሉ፤ ከሰው ሁለት ሦስት እጥፍ ቁመት ያላቸው፣ የደረቀ ቅጠላቸውን እንደ ካባ በግንዳቸው ላይ የተጠቀለሉ ዛፎች ናቸው። በመካከላቸው የጅብራ ዘመድ የሆነ ሎቤሊያ ያያሉ። ጉም ገባ ብለው ካሜራ አይክተቱ፤ እነዚህ ዛፎች በጉም ውስጥ ነው የሚያምሩት፤ ጉሙ አንዱን ከሌላው እየለየ ያቆምልዎታል። የባራንኮ ግድግዳ ግን ከሰፈሩ በስተምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ጥላ ውስጥ ነው፤ ከሩቅ ማንሳት ከፈለጉ በደረሱበት ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ያንሱት።

የሰው ፎቶ። ተሸካሚዎቹ ጭነት በራሳቸው አድርገው በፍጥነት ያልፉዎታል፤ በዚያች ሰዓት ፊታቸው ላይ ካሜራ መደገን ነውር ነው። ሰፈር ላይ ሻይ ሲጠጡ «ናኦምባ ኩፒጋ ፒቻ» ይበሉ፤ ፎቶ ላንሳ እባክዎን ማለት ነው። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። እሺ ካሉ ደግሞ ያነሱትን ያሳዩዋቸው፣ ከጉዞ በኋላም በመሪው ስልክ ይላኩላቸው። በሁለተኛው ቀን ይህን ያደረገ ሰው በአምስተኛው ቀን ያልጠየቀውን ፎቶ ያገኛል፤ ራሳቸው ይጠሩታል።

ለከዋክብት ምቹው ከባራፉ በፊት ያለው ካራንጋ ሰፈር ነው፤ ከበታችዎ የሞሺ ከተማ መብራት ይታያል። ካሜራውን ዓለት ላይ፣ ከሥሩ ጓንት አድርገው ያስቀምጡት፣ ቁልፉ ከተጫነ ከሁለት ሰከንድ በኋላ እንዲያነሳ ያድርጉት። ያ ነው ትራይፖድዎ። አፐርቸሩ 4 ስለሆነ አይኤስኦውን 6400፣ ሻተሩን 20 ሰከንድ ያድርጉት፣ ከመተኛትዎ በፊትም ካሜራውን ወደ ሲ2 ይመልሱት፤ ለምን እንዳልኩ ያውቃሉ። በጥር የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ ማዕከል በሌሊቱ ሰማይ ላይ የለም፣ አይፈልጉት። በምትኩ ኦሪዮን ከአናትዎ በላይ ነው፣ በደቡብ በኩል ደግሞ የማጄላን ደመናዎች አሉ። ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበትን ቀን ለጫፉ ሌሊት ከመረጡ መንገዱም በረዶውም ይበራልዎታል፣ ከዋክብቱ ግን ይደበዝዛሉ፤ ቀን ገና ካልቆረጡ እኔ ጨረቃዋን እመርጣለሁ።

ድሮን አልጠየቁኝም፤ ለማንኛውም ያለ ፈቃድ በፓርኩ ማብረር ክልክል ነው።

ከጫፉ ወደ ባራፉ ሲወርዱ መንገዱ የሚንሸራተት አቧራና ጠጠር ስለሆነ ካሜራው ታሽጎ ቦርሳ ውስጥ ይውረድ፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ የሚወድቀው ሰው ብዙ ነው። በመጨረሻው ቀን በመውረጃው መንገድ ላይ ያለውን የምዌካን ጫካ ሲያቋርጡ እንደገና ያውጡት፤ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ነጭ ጭራቸውን እያውለበለቡ ይዘላሉ። 70-200ውን የሚናፍቁት እዚህ ነው፣ እውነቴን ነው። በ105 የሚወጣልዎት በቅጠል መካከል ያለች ነጭ ነጥብ ናት። ግን በዚያን ሰዓት ሁለቱም ጉልበቶችዎ ስለ ሌላ ጉዳይ እየጮኹ ስለሚሆን ብዙም አይቆጭዎትም።